ሶፋና መደብ፦ ለሰፊው ሳሎን ጥልቅ ሶፋ ከመግዛታችን በፊት

ሰፊ ሳሎን ያለው ቤት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሶፋውን ነው። አዲስ አበባም ይሁን ሜሪላንድ ምኞቱ ተመሳሳይ ነው፤ ትልቅ ይሁን፣ ጥግ ይዞ ይዙር፣ ጥልቅ ይሁን፣ ሲቀመጡበት ዋጥ ያድርግ። በዚህ ምኞት ክፋት አላይበትም። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ሰው ማታ እግሩን ሰቅሎ ቢጋደም ምን ይባላል?

ግን የመቀመጫን ታሪክ ትንሽ ቆፈር ስናደርግ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የመቀመጫ ከፍታና ጥልቀት የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን ይረፍ፣ ማን ይነሳ፣ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ የሚለውንም ሲወስን ኖሯል። (ጥልቀት ስል ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ መደገፊያው ያለውን ርቀት ማለቴ ነው።) እስቲ ከቃሉ እንጀምር።

«ሶፋ» ለብዙዎቻችን የፈረንጅ ቃል ይመስለናል። ሥሩ ግን ዓረብኛ ነው፤ «ሱፋ»። ከወለል ከፍ ተደርጎ የተሠራ መቀመጫ ማለት ነው። የእስልምናን ታሪክ የምታውቁ «አህለ ሱፋ»ን ታስታውሳላችሁ፤ መዲና ባለው የነቢዩ መስጊድ፣ ጥላ ባለው ክፍል ያርፉ የነበሩ ቤት የሌላቸው ሶሓቦች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ማረፊያ ነው። ቃሉ በቱርኮች በኩል አልፎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም፣ የሚያመለክተው አራት እግር ያለውን ዕቃ አልነበረም። ከወለሉ ከፍ ያለውን፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሰውን የክፍሉን ወገን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከወለል ከፍ ያለ፣ ግድግዳ ይዞ የተሠራ፣ ምንጣፍ የሚነጠፍበት መቀመጫ... ይሄ እኮ መደብ ነው!

አዎ፣ የአያቶቻችን መደብ። በድንጋይና በጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይሠራል፣ ይመረጋል፣ ከዚያ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፍበታል። ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። ዛሬ «አልጋ የሚሆን ሶፋ» ብለን ብዙ ብር የምናወጣበትን ነገር በጭቃ ሠርተውት ነበር ማለት ነው። ሶፋ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቢመስለንም የመደብ ዘመድ ነው፤ አገር ዞሮ፣ እግር አውጥቶ፣ ጨርቅ ለብሶ ተመለሰ።

ይህን ነገር ከሁሉ አርቅቀው የሠሩት ደግሞ ሐረሪዎች ናቸው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት የጥንት ቤቶች ዋናው ክፍል ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም። ቀይ አፈር የተቀባና ከፍታው የሚለያይ «ነደባ» የሚባል መደብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ነው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የክብር እንግዳ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚገባውን ሁሉ ያያል። ግድር ነደባ ትልቁ ሲሆን ጢት ነደባ ደግሞ ትንሹ ነው። ከበሩ ኋላ ያለውም የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። አንድ ሳሎን ውስጥ አምስት ዓይነት አቀማመጥ! እንግዳ ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይነግረውም፤ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል።

በደጋውም ቢሆን ያው ነው። «ኧረ ወደ ላይ ከፍ በሉ!» የሚለው ግብዣ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቋንቋችንን ልብ ብላችሁ ስሙት። «አልጋ» ዙፋንም ነው፤ አልጋ ወራሽ የምንለው የወላጆቹን ፍራሽ ስለሚወርስ አይደለም። «ወንበር» ሥልጣን ነው። ሊቀ መንበር ቃል በቃል የመንበሩ አለቃ ነው። «መደብ» ራሱ የጭቃ መቀመጫ ሆኖ ሳለ በአብዮቱ ዘመን «የመደብ ትግል» ሲባል የኅብረተሰብ ክፍልንም ይገልጽ ነበር። እኛ ጋ መቀመጫው ሹመት ሆነ ማለት ነው። የሚገርመው በመካከለኛው ምሥራቅ የሆነው ግልባጩ ነው። «ዲቫን» በፋርስ መጀመሪያ መዝገብ፣ ቀጥሎ የመንግሥት ጽሕፈት ቤትና ምክር ቤት ነበር። ቆይቶ ግን ባለሥልጣኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡበት ረጅም ባለ ትራስ መቀመጫ ስም ሆኖ ቀረ። እነሱ ጋ ሹመቱ መቀመጫ ሆነ።

ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1682 ቤተ መንግሥቱን ወደ ቬርሳይ ሲያዛውር የመቀመጥ ሕግ በጣም ጥብቅ ነበር። ባለ እጅ መደገፊያው ትልቅ ወንበር የንጉሡና የንግሥቲቱ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ባለ ጀርባ ወንበር፣ ከዚያም ጀርባ የሌላት በርጩማ። ይህቺን በርጩማ «ታቡሬ» ይሏታል። በንግሥቲቱ ፊት በእሷ ላይ መቀመጥ የዱኮች ሚስቶች መብት ነበር፤ ሌላው መኳንንት ይቆማል። በአንዲት በርጩማ የተነሳ ስንት ቅናትና ስንት ተንኮል እንደተሠራ አስቡት።

ያ የንጉሥ ወንበር በፈረንሳይኛ «ፎቴይ» ይባላል። አዎ፣ እናቶቻችን «ፎቴው ላይ ተቀመጥ» የሚሉን ፎቴ እሱ ነው። በጥንቱ ትርጉሙ «ታጣፊ በርጩማ» ነበር፤ ቃሉም እንደ ሰው ተሹሞ አደገ።

አሁን ወደ ጥልቀቱ እንምጣ። የምሥራቁ ዲቫን ጥልቅ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት እግሩን አውጥቶ፣ አጣጥፎ ነው። ስለዚህ ቦታ ያስፈልገዋል። አውሮፓዊው ግን እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ጀርባውን አቅንቶ ነበር የሚቀመጠው። ልብሱም እንደ ልብ አያስጋድምም። ሱፋውን ሲወስደው እግር አወጣለት፣ ጀርባ አበጀለት፣ ጥልቀቱን ቀነሰበት። መደቡ ወደ ወንበር ተጠጋ።

ከዚያ ቴክኒኩ መጣ። በ1820ዎቹ ቪየና እና ለንደን ውስጥ ጥምዝምዝ ሞላን ለመቀመጫ የማዋል ፈጠራዎች ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት ሶፋ ማለት በፈረስ ፀጉርና በመሳሰለው የታጨቀ ጠንካራ ነገር ነበር። ሞላው ሲገባ መቀመጫው ወፈረ፣ ለሰለሰ፣ ሰውም ሰመጥ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ፖሊዩረቴንን ፈጠሩ። በ1950ዎቹ ለስላሳው ፎም ገበያ ላይ ሲውል የፈለጉትን ያህል ወፍራምና ጥልቅ መቀመጫ በርካሽ መሥራት ተቻለ። ዛሬ ሶፋ ሠሪው ቢላ ይዞ የሚቆርጠው «ስፖንጅ» የዚያ ልጅ ነው።

ታሪኩ ክቡን የዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አርክቴክቱ ኤሮ ሳሪነን አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ለሚለር ቤተሰብ በሠራው ቤት፣ የሳሎኑን መሐል ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን መቀመጫ አደረገው፤ ትራስ በትራስ ሆነ። መደብ በሉት። በ1973 ደግሞ ፈረንሳዊው ሚሼል ዱካሮዋ «ቶጎ» የተባለውን ሶፋ አወጣ፤ እግር የለው፣ የእንጨት አጽም የለው፣ ከወለሉ የተጣበቀ ፎም ብቻ። አውሮፓ 300 ዓመት ዞራ ዞራ ወደ ወለሉ ተመለሰች። በየቤቱ ቴሌቪዥን ሲገባማ ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት መቀመጡ ቀርቶ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መጋደም ጀመረ። ጥልቁ ሶፋ የዚህ ኑሮ ልጅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከእኛ ሳሎን ጋር ምን ያገናኘዋል?

እንዲህ ነው። የእኛ ሳሎን ለረጅም ጊዜ የእንግዳ ነበር። ትዝ ይላችኋል፤ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ልጆች «እዚያ ላይ እንዳትወጡ!» እየተባሉ በበርጩማና በምንጣፍ ነው ያደጉት። ለእንግዳ ሲባል የቤቱ ሰው በገዛ ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ጥልቁ ሶፋ «ሳሎኑ የቤቱ ሰዎች ነው» ይላል። ይሄ በራሱ መልካም ለውጥ ነው ባይ ነኝ። ልጆች አባታቸው ደረት ላይ ተኝተው ፊልም የሚያዩበት ሳሎን የሚያስቀና ነገር ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ያስለመዱን መጅሊስም ይህንኑ ነው ያመጣልን፤ ጫማን አውልቆ፣ ዘና ብሎ፣ ቡና እየጠጡ መጫወት።

ግን እንግዳው ቀርቷል እንዴ? አልቀረም። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ ይነሳል። «ኖር!» ይባላል፣ «በእግዜር! ኧረ በማርያም አይነሱ!» ይባላል፤ እንዲያም ሆኖ ይነሳል። አሁን የ75 ዓመት እናት ጥልቅ ሶፋ ውስጥ ሰጥማ አስቡ። ወደ ኋላ ከተደገፈች እግሯ መሬት አይነካም። ጠርዙ ላይ ከተቀመጠች ጀርባዋን የሚይዘው የለም። ትልቅ ሰው ሲመጣ ለመነሳት ትታገላለች፣ ጉልበቷ እምቢ ይላታል፣ የልጅ ልጇ እጇን ይዞ ይጎትታታል። ትስቃለች፤ ግን ታፍራለች። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ከጓዳ የፕላስቲክ ወንበር አምጡልኝ ትላለች። በገዛ ልጇ ሰፊ ሳሎን፣ የቤቱ ትልቅ ሰው በቤቱ ርካሽ ወንበር ላይ! ቬርሳይ እንኳ እንዲህ አላደረገችም።

ማዕዱም አለ። መሶብ ቀርቦ ጎንበስ ብለን ነው የምንቆርሰው። ጥልቅ ሶፋ ግን ወደ ኋላ ይስባል እንጂ ወደ መሶቡ አያስጠጋም። ልቅሶ ሲኖርም ያው ነው፤ ለቀስተኛው 20 ሆኖ ሲመጣ ግዙፉ ሶፋ ክፍሉን ሞልቶ ሰባት ሰው ብቻ ያስቀምጣል፣ ሌላው ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ምክሬ «አትግዙ» አይደለም። ሐረሪዎች ያወቁትን እንወቅ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ ብዙ ዓይነት አቀማመጥ። ሳሎናችሁ እውነት ሰፊ ከሆነ ትልቁ ጥቅሙ አንድ ግዙፍ ሶፋ መቻሉ አይደለም፣ ሁለቱንም መቻሉ ነው። ጥልቁን ሶፋ ለቤተሰቡ፣ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አድርጉት። ወደ በሩ ፊቱን ባዞረው በክብር ቦታው ላይ ደግሞ ሁለት ጠንከር ያሉ፣ እጅ መደገፊያ ያላቸው ፎቴዎች አኑሩ። እነሱ የአሚር ነደባ ይሁኑ። በርጩማም አይጥፋ፤ የጅማ ባለ ሦስት እግሯ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለች በርጩማ ለቡና አፍይዋም፣ ለመሶቡም፣ ለለቀስተኛውም ትሆናለች።

መለኪያውን ከፈለጋችሁ፦ እግር አስረግጦ ለመቀመጥ ከ50 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥልቀት ለብዙ ሰው ይበቃል። ከ65 በላይ ከሆነ መቀመጫ መሆኑ ቀርቶ መጋደሚያ ነው። ከፍታው ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለመነሳት አያስቸግርም። ጨርቁን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አትመለሱ፤ ተቀመጡበት፣ እስከ መደገፊያው ሂዱ፣ ከዚያ እጃችሁን ሳታስደግፉ ተነሱ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ መሄድ ነው። እነሱ ተቀምጠው ሲነሱ እዩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ከሚነግራችሁ ሁሉ የበለጠ ያ ይነግራችኋል።

መደቡ ጭቃ ነበር፤ ግን ማንን ማክበር እንዳለበት ያውቅ ነበር። ሶፋችን ቬልቬት ሲሆን ይህን እንዳይረሳ።

እስቲ እናንተ ደግሞ አጫውቱኝ፤ በልጅነታችሁ ቤት መደብ ነበር? ማን ነበር የሚቀመጥበት? የሐረር ልጆች ደግሞ ስለ ነደባ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁና ጨምሩበት።

ቸር ሰንብቱ!