የደራሲው ምግባርና የድርሰቱ ሚዛን፦ የ‹‹ጦቢያ›› ጉዳይ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በወገራ ደጋ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣውና በሊማሊሞ ገደል የሚወርደው መንገድ፣ በከተማዋ መካከል የቆሙት የፖስታ ቤትና የሲኒማ ሕንፃዎችም ጭምር፣ በፋሺስት ኢጣልያ የወረራ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ሕዝቡ በመንገዱ ይሄዳል፤ በሕንፃዎቹም ይገለገላል። ይህን በማድረጉ ግን ወራሪውን አመሰገነ የሚለው የለም። በአርማጭሆ፣ በወገራና በስሜን ተራሮች የተዋጉት አርበኞች ታሪክ በየቤቱ ይነገራል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር ምሽግ በኅዳር 1934 ዓ.ም. በጎንደር እጁን መስጠቱም አልተዘነጋም። በሥራው መገልገልና የሠሪውን በደል አለመርሳት ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ የአካባቢው ኑሮ ራሱ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ሕንፃ አይናገርም፤ መጽሐፍ ይናገራል። ስለዚህ ነገሩ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲመጣ ይከብዳል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ የሚያስተምር መምህር የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ደግሞ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር የተሰለፉ ሰው ናቸው። አያቱ በአርበኝነት የተሰዋ ተማሪ ‹‹ይህን ሰው ስለ ምን እናነባለን?›› ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ምን ሊመልስ ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከታሪኩ መሠረት አንሥቶ መመርመር ነው።

መጽሐፉና ሰውየው

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. ከጎንደር በስተ ደቡብ፣ ከጣና ማዶ በሚገኘው በዘጌ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ የሥዕል ትምህርት ተማሩ። በኋላም ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ። ሁለቱ መንግሥታት ለዐድዋው ጦርነት በተቃረቡበት ጊዜ ግን ስዊዘርላንድን ትተው ወደ ኢጣልያ ወገን ተሻገሩ። ከዚያም በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ በኢጣልያንኛም የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ።

በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ይህ መጽሐፍ ኋላ ‹‹ጦቢያ›› በሚል ስም ታወቀ። ዛሬ ማንኛውም የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት የሚሰጠው ‹‹ልብ ወለድ›› የሚለው መጠሪያ ከመጽሐፉ አርእስት የመጣ መሆኑ ሊጤን ይገባል። ደራሲውን ለመርሳት የሚሻ ሰው እንኳ ስለ ልብ ወለድ በተናገረ ቁጥር እርሳቸው የተዉለትን ቃል ይጠቀማል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ድል ሆኖ ይማረካል፤ ይሸጣልም። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ወጥቶ ሲሄድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትየውና የዋሕድ መንታ እኅት ጦቢያ እርሱን ፍለጋ ይወጣሉ፤ እርሷም የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። በመጨረሻም ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ ጦቢያን ወድዶ ሃይማኖቷን ይቀበላል፤ ጠላትነቱም በጋብቻ ይፈጸማል። የጦርነትን መዓት፣ የባሪያ ንግድን ክፋትና የውለታን ክብር የሚያሳይ ድርሰት መሆኑ አይካድም።

የደራሲው ቀሪ ሕይወት ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ ነጋድራስ የሚለውም ማዕረግ ይህን የሚያመለክት ነው። ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ሠርተዋል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ስትይዝ ግን ከወራሪው ጋር ወገኑ፤ አፈ ቄሣር የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ‹‹የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ›› በተባለው ጋዜጣም ወራሪውን የሚያወድስ ጽሑፍ አወጡ። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው እ.ኤ.አ. በ1947 ዐረፉ።

ምስክርነትና ልብ ወለድ

ከዚህ ላይ ሁለት የጽሑፍ ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። ነጋድራስ አፈወርቅ ልብ ወለዱን ባሳተሙ በዓመቱ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ ‹‹ዳግማዊ ምኒልክ›› የተባለ የታሪክ መጽሐፍ በዚያው በሮማ አወጡ። መጽሐፉ ምኒልክን አብዝቶ ሲያወድስ ከእርሳቸው በፊት የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ያለ ርኅራኄ ይነቅፋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ‹‹አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ›› በተባለው ድርሰታቸው ይህን መጽሐፍ በብርቱ ተቹት። በእርሳቸው አስተያየት ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮና ያየውን በጠራ ቋንቋ የሚገልጽ ችሎታ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ትችት ለተነሣው ጥያቄ ዋነኛ ብርሃን ይሰጣል። ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱ፣ አለማዳላት፣ የምግባር ጉዳይ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ሊያገኘው የሚሻው ጥቅም፣ የሚፈራው ቁጣ፣ የሚጠብቀው ምሕረት እንዳለ ይመረመራል። ወደ ኢጣልያ የተሻገረ ሰው በሕይወት ስላለው ንጉሥ የጻፈው ውዳሴ ከጸሐፊው አቋም ተለይቶ ሊመዘን አይችልም። በወረራው ጊዜ በጋዜጣ የወጡትም ጽሑፎች እንዲሁ ናቸው፤ ጽሑፉና ተግባሩ አንድ ነው።

ልብ ወለድ ግን አንባቢውን ‹‹ይህ በእውነት ተደርጓልና እመነኝ›› አይለውም። ዋሕድ በገበያ ሲሸጥ አንባቢ የሚያዝነው በደራሲው ቃለ መሐላ ተማምኖ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሲሸጥ ምን እንደሚመስል ድርሰቱ ስላሳየው ነው። ይህ ኃይል ደራሲው ከ28 ዓመት በኋላ በሠሩት ሥራ አይጠፋም። በአንጻሩም መልካም ምግባር ደካማ ድርሰትን አያቀናም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በስሜን ግንባር ተዋግተው፣ ተማርከው በኢጣልያ ታስረዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የተወደደው ግን ደራሲው አርበኛ ስለሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአርበኛ ድርሰት ሁሉ እንደ እርሱ በተወደደ ነበር።

ይህ ሲባል ልብ ወለድ ከምግባር ጥያቄ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የምግባሩ ጥያቄ ከደራሲው ቤት ይልቅ በመጽሐፉ ውስጥ ይፈለጋል። ‹‹ጦቢያ›› ከክርስትና ውጭ ያለውን ሕዝብ የሚያየው በምን ዓይን ነው? ሰላም የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ሲቀበል ብቻ ነውን? በወንድ ልብስ ተጉዛ ያን ሁሉ መከራ የቻለች ልጅ በመጨረሻ መፍትሔ የምትሆነው በመልኳ ውበት መሆኑስ ምን ያሳያል? እነዚህ ጥያቄዎች ደራሲው ማንም ቢሆን የሚነሡ ናቸው፤ መጽሐፉንም ከዘለፋ ይልቅ በጥልቀት ይፈትኑታል።

የጎንደር ጉባኤ ቤት ልማድ

የደራሲን ሕይወትና ድርሰቱን አብሮ የመመርመር ልማድ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። ጎንደር ከጥንት ጀምሮ የመጻሕፍት ትርጓሜ ከተማ ናት፤ የመምህር ኤስድሮስ ስም የሚነሣበት የታች ቤት ትርጓሜ የተስፋፋው ከዚያ ነው። በጉባኤው የመጽሐፉ ንባብ ከመተርጐሙ አስቀድሞ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና ስለ ምን እንደ ጻፈው በመቅድም ይነገራል። የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት የሚማር ደቀ መዝሙር ጸሐፊው አስቀድሞ አሳዳጅ እንደ ነበረ ይነገረዋል እንጂ አይደበቅበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ዳዊት ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደል ከለየ በኋላ የሚደግመው መዝሙረ ዳዊትን ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት የወሰደና ኦርዮን በጦር ሜዳ ያስገደለ ንጉሥ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ የ50ኛው መዝሙር አርእስት ራሱ ነቢዩ ናታን ስለዚህ ኃጢአት ወደ እርሱ መምጣቱን ያስታውሳል። መምህራኑ በደሉን ስለሚያውቁ መዝሙሩን አልጣሉም፤ መዝሙሩን ስለሚወዱም በደሉን አላለባበሱም። እርግጥ ነው፣ ንጽጽሩ ወሰን አለው፤ በመዝሙሩ ንስሓው ራሱ ተጽፏል፤ በ‹‹ጦቢያ›› ግን የደራሲው ኑዛዜ የለም። የተወረሰው ቁም ነገር የማስተማሩ ዘዴ ነው፤ መቅድሙ የሰውየውን ነገር ይናገራል፤ ትርጓሜው ደግሞ የመጽሐፉን።

ጎንደር በዐፄ ቴዎድሮስም ረገድ ይህንኑ ሚዛን ይዛለች። ንጉሠ ነገሥቱ የቋራ ተወላጅ ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ግን ጎንደርን አስዘርፈው አቃጥለዋል። ሆኖም የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያና ከዩኒቨርሲቲዋ ግቢዎች አንዱ በስማቸው ይጠራሉ። ቃጠሎው ከታሪክ አልተፋቀም፤ አገርን አንድ የማድረግ ሐሳባቸውም አልተካደም።

የኖርዌይ ምሳሌ

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የኖርዌዩ ደራሲ ክኑት ሐምሱን እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። አገሩ በናዚ ጀርመን ስትያዝ ግን ወራሪውን ደገፈ፤ ሽልማቱንም ለናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ለጎብልስ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ በፍርድ ቤት ብርቱ የገንዘብ መቀጫ ተፈረደበት። ልብ ወለዶቹ ግን ዛሬም ይነበባሉ፤ ታሪኩም ሳይደበቅ ከመጻሕፍቱ ጋር ይነገራል። ሰውየውን የሚዳኝ ፍርድ ቤትና መጽሐፉን የሚዳኝ አንባቢ ሁለት ልዩ ልዩ ዳኞች መሆናቸውን ይህ ያስረዳል።

ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ከዚህ በላይ ከተመለከተው ሁለት ስሕተቶች ሊወገዱ ይገባል። የመጀመሪያው ሰውየው ስለበደሉ መጽሐፉን ከክፍል ማውጣት ነው። ይህን የሚደግፉ ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ መጽሐፍን በትምህርት ቤት ማንበብ ደራሲውን ማክበር ነው፣ የተሰዉት ልጆችም ይህን ሊገደዱ አይገባም ይላሉ። ነገር ግን ማንበብ ማክበር የሚሆነው መምህሩ ሲያወድስ ብቻ ነው፤ ሲመረምር ግን ማንበብ ፍርድ ነው። ሁለተኛው ስሕተት የመጽሐፉ ውበት እንዳይጎዳ ሕይወቱን መሸሸግ ነው። ተማሪው እውነቱን ከሌላ አፍ ሲሰማ በመጽሐፉም በመምህሩም ላይ ያለው እምነት ይጠፋል።

ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከ‹‹ጦቢያ›› የተወሰደ ክፍል በሚያቀርቡበት ጊዜ የደራሲውን ሕይወት፣ ከትምህርታቸው እስከ ጅማ ግዞታቸው፣ በአጭር መቅድም ቢያስቀድሙ ይበጃል። በከፍተኛ ክፍሎች ከልብ ወለዱ አንድ ክፍልና ከ‹‹ዳግማዊ ምኒልክ›› አንድ ክፍል ጎን ለጎን ቀርበው በየትኛው የጸሐፊው አቋም እንደ ማስረጃ ሊቆጠር እንደሚገባ፣ በየትኛው እንደማይገባ ተማሪዎቹ ቢከራከሩ ትምህርቱ ይጠልቃል። የገብረ ሕይወት ትችት ሦስተኛ ሆኖ ቢጨመር ተማሪው የአገሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ማንሣታቸውን ይረዳል።

የአርበኛው የልጅ ልጅ ለጠየቀው ጥያቄም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። መጽሐፉ የሚነበበው ደራሲው ንጹሕ ስለሆኑ አይደለም፤ በደላቸው ስለተረሳም አይደለም። ሰው መሸጡን፣ ቤተሰብ መበተኑን፣ ውለታ መመለሱን በአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ስለተረከ ይነበባል። ስለ ምርኮና ስለ ነፃነት እንዲህ አድርገው የጻፉ ሰው አገራቸው በተማረከች ጊዜ ከማራኪው ጋር መቆማቸው ደግሞ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ ሁለተኛ ትምህርት ነው፤ መልካም ነገርን አሳምሮ መጻፍና መልካም ነገርን ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ያስተምራልና።