የስልካችንን ሰዓት የሚያስተካክለው ማን ነው?

ዋሽንግተን ያለች እህቱ ጋ የሚደውል ሰው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ አንዳንዴ 7 ሰዓት ነው፣ አንዳንዴ 8። እኛ ብንረሳ ስልካችን አይረሳም። ክፍል ውስጥ «ይሄንን ለስልኩ ማን ነገረው?» ብዬ ስጠይቅ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ መልሳችሁ ሁሌ «ሳተላይት» ወይ «ጉግል» ነበር።

ነገሩ ግን ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ቲዚ ዳታቤዝ ይባላል። አገሮች ሰዓታቸው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደቀየሩ፣ ወደፊት መቼ እንደሚቀይሩ መስመር በመስመር ተጽፎበታል። አንድሮይድም፣ አይፎንም፣ ሊኑክስም፣ ጃቫም የሚያነቡት እሱን ነው። የሚጽፉት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1980ዎቹ የጀመሩት አርተር ዴቪድ ኦልሰን ናቸው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሠራተኛ ነበሩ። ፋይሉም ለዓመታት የኖረው እዚያው፣ የካንሰር ምርምር ተቋሙ ሰርቨር ላይ ነው። ካንሰርና ሰዓት ምን አገናኛቸው ብትሉ፣ ሰውየው እዚያ መሥራታቸው ብቻ! በኋላ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፖል ኤገርት ገቡበትና ዋናው ሸክም እሳቸው ላይ ሆነ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2016 ግብፅ በሐምሌ ሰዓቷን ልትቀይር ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ። ሞሮኮ በረመዳን ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለምትመልስ የረመዳን ቀኖች እስከ 2087 ድረስ በግምት ተሰልተው ገብተዋል። የባሰው የሊባኖስ ነው። በመጋቢት 2023 መንግሥት የሰዓት ለውጡ ከረመዳን በኋላ ይሁን ብሎ ሊቀየር ቀናት ሲቀሩት አወጀ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንቀበልም አሉ። አንድ አገር ውስጥ ሁለት ሰዓት ሆነ። እነ ኤገርት መጋቢት 23 ለውጡን ያካተተ እትም አወጡ፤ መንግሥት ውሳኔውን ሲሽር መጋቢት 28 ወደ ቀድሞው የሚመልስ ሌላ እትም አወጡ። ማንም ደመወዝ አልከፈላቸውም።

የእኛም ነገር አለበት። በፋይሉ ማስታወሻ ላይ ኤገርት፣ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ይህን እንዳይረሳ ብለው ጽፈዋል። ስምንት ሰዓት ሲባል የነሱ ሁለት ነው መሆኑ ነው። ቀጥሎ ያለው የበለጠ አስገረመኝ። ከአንድ የቆየ አትላስ በተወሰደው መሠረት ኢትዮጵያ ከ1890 ጀምሮ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም ነበር፤ ድፍን 3 ሰዓት የሆነችው ግንቦት 5 ቀን 1936 ነው ይላል። ወደኛ ስትመልሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ይሆናል፤ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ኤገርት ግን አጠገቡ ይህ መረጃ ስህተት ሳይሆን አይቀርም ብለው አስቀምጠዋል። እኔ ይቺን ጥርጣሬ ከቁጥሩ በላይ ወደድኳት። (ዛሬ የአዲስ አበባ ስም ወደ ናይሮቢ መዝገብ የሚመራ ነው፤ ከ1970 ወዲህ ሰዓታችን አንድ ስለሆነ።)

ያ አትላስ የማን መሰላችሁ? የኮከብ ቆጣሪዎች! ኮከብ ለመቁጠር የተወለዱበት ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የየአገሩን የድሮ ሰዓት አጥብቀው የሰበሰቡት እነሱ ናቸው። መስከረም 30 ቀን 2011 አስትሮላብ የሚባል የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ኩባንያ፣ የአትላሱ መብት የኔ ነው ብሎ ኦልሰንንና ኤገርትን በግላቸው ከሰሰ። ጥቅምት 6 ቀን ሰርቨሩ ተዘጋ።

የዓለም ሰዓት መዝገብ ባለቤት አጣ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ፕሮጀክት ይገድላል። ይሄኛው ግን በስምንት ቀን ውስጥ፣ ጥቅምት 14፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን ተረከበው። እንዴት በዚህ ፍጥነት? ኦልሰን ጡረታቸው እየደረሰ ስለነበር ከክሱ በፊት ጀምሮ «ከኔ በኋላ ማን ይይዘዋል?» ብለው ጠይቀው፣ የርክክቡ ደንብ በረቂቅ እየተዘጋጀ ነበር። ኮፒው በብዙ ሰው እጅ ነበር፤ ሥራውን የሚያውቅም ሰው ነበር። ክሱን የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች ተከራክረውላቸው የካቲት 2012 ኩባንያው ስህተቱን አምኖ አነሳው። አንድ አገር ሰዓቱን መቼ እንደቀየረ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልማ።

ይሄን ሁሉ ያነበብኩት በራሴ ጉዳይ ተናድጄ ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የኛን ቀን መቁጠሪያ ወደ ፈረንጁ የሚቀይረውን ፕሮግራም አብረን ሠርተን ነበር። ፓስወርዱ አንድ ልጅ ጋ ብቻ ነበር። ልጁ ውጭ ሄደ፣ ኢሜይሉን ቀየረ፣ እኛም አልጠየቅነውም። ባለፈው ወር ልከፍተው ብል ድረ ገጹ የለም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ መምህሩ እኔ ነበርኩ፤ «ከአንተ በኋላ ማን?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ኮዱ አሁንም ላፕቶፔ ላይ አለ። የጳጉሜን ስሌት ላይ ያልተስተካከለ ስህተት አለበት። የሚይዘው ሰው እፈልጋለሁ፤ ሁለት ሰው እንጂ አንድ አልቀበልም። ኢንቦክስ አድርጉልኝ።