የስዌዝ ቀውስና ያልታወጀው ማዕቀብ

ሕዝብ በመረጣቸው መንግሥታት የሚተዳደሩ አገሮች እርስ በርሳቸው ጦር አይማዘዙም የሚለው ሐሳብ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሳን፣ ስለ ጦርነት የሚወስነው መከራውን የሚሸከመው ሕዝብ ራሱ በሆነ ጊዜ፣ ወደዚያ ለመግባት አብዝቶ እንደሚያመነታ አስረድቷል። ይሁን እንጂ ጦር አለመማዘዝ ማለት አለመገዳደድ ማለት አይደለም። በ1956 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዌዝ ቦይ ሳቢያ በእንግሊዝና በአሜሪካ መካከል የተፈጸመው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ጁላይ 26 ቀን 1956 የግብፁ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር የስዌዝ ቦይ ኩባንያን የመንግሥት ንብረት አደረጉ። ጉዳዩን በንግግር ለመፍታት በአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር በሮበርት ሜንዚስ የሚመራ የአምስት አገሮች ኮሚቴ ወደ ካይሮ ሲላክ፣ ኢትዮጵያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በአክሊሉ ሀብተ ወልድ አማካይነት የኮሚቴው አባል ነበረች። ንግግሩ ግን ፍሬ አላፈራም። ኦክቶበር 29 ቀን እስራኤል ሲናን ወረረች፤ ከሁለት ቀን በኋላም የእንግሊዝና የፈረንሳይ አውሮፕላኖች የግብፅን የአየር ማረፊያዎች መደብደብ ጀመሩ። ምርጫ ሊካሄድ አንድ ሳምንት ብቻ የቀራቸው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር፣ ወዳጆቻቸው ሳያማክሯቸው በመዝመታቸው እጅግ ተቆጡ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም አሜሪካ ያቀረበችውን የተኩስ አቁም ውሳኔ በ64 ድምፅ ድጋፍና በ5 ተቃውሞ አጸደቀ።

አሜሪካ በእንግሊዝ ላይ ጦር አላሰለፈችም፤ ማዕቀብም አላወጀችም። የተጠቀመችበት መሣሪያ እርዳታን መንፈግ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ስተርሊንግ ፓውንድ በ2.80 ዶላር ተወስኖ ይመነዘር ስለነበር፣ ይህን ዋጋ ለመጠበቅ የእንግሊዝ ባንክ ከዶላር ክምችቱ ያለማቋረጥ መክፈል ነበረበት። ክምችቱ በሴፕቴምበር 57 ሚሊዮን፣ በኦክቶበር 84 ሚሊዮን፣ በኖቬምበር ደግሞ 279 ሚሊዮን ዶላር ጎደለ። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር ለማግኘት የአሜሪካ ድጋፍ የግድ ያስፈልግ ነበር፤ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ሃምፍሪ ግን ጦርነቱ ሳይቆም ድጋፍ እንደማይሰጥ አስታወቁ። በዚህ ላይ ግብፅ መርከቦችን አስጥማ ቦዩን በመዝጋቷና በሶርያ በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ዘይት ቧንቧ በመፈንዳቱ ምዕራብ አውሮፓ በነዳጅ እጥረት ተያዘ። አሜሪካም ጉድለቱን ለመሙላት አልቸኮለችም።

የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ከዘመቻው ዋና ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ። ነገር ግን ኖቬምበር 6 ቀን፣ ወታደሮቹ ፖርት ሳይድ ላይ ከመርከብ በወረዱበት ዕለት፣ ለካቢኔው የገንዘቡን አደጋ ሲያስረዱ ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር። ካቢኔውም በዚያው ዕለት ተኩስ እንዲቆም ወሰነ። እርዳታው ግን ጦሩ እንደሚወጣ እስኪነገር ድረስ አልመጣም፤ ዲሴምበር 3 ቀን ይህ በምክር ቤት ከተገለጸ በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ ተፈቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ጃንዋሪ 9 ቀን 1957 ሥልጣን ለቀቁ፤ ማክሚላንም ተተኩ።

ይህን ታሪክ የኢትዮጵያ አንባቢ ከሌላ ትዝታ ጋር ሳያነጻጽር አያልፈውም። በፋሽስት ኢጣልያ ላይ ከኖቬምበር 18 ቀን 1935 ጀምሮ የተጣለው ማዕቀብ በአዋጅ የጸና፣ በርካታ መንግሥታት የተስማሙበት ነበር፤ ሆኖም ነዳጅ ዘይትን አላካተተም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ የጦር መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት የመንግሥታት ማኅበርን ጉዳይ የሚከታተሉት ሚኒስትር እነዚሁ ኢደን ነበሩ። ከ21 ዓመት በኋላ ግን ያልታወጀ ማዕቀብ በጥቂት ቀናት ውስጥ እሳቸውን ራሳቸውን ከቦዩ መለሳቸው። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። በ1935 የሚጎዳው ነገር ሆን ተብሎ ተተወ፤ በ1956 ግን የተያዘው ዋናው የደም ሥር ነበር። ደግሞም እንግሊዝ ኤኮኖሚዋን በወዳጇ እምነት ላይ ስላቆመች፣ ያ እምነት ሲነሣ የምትደገፍበት ሌላ ምሰሶ አልነበራትም።

ፈረንሳይ በኦክቶበር ወር ከገንዘብ ድርጅቱ 262.5 ሚሊዮን ዶላር የመበደር ፈቃድ አስቀድማ በማግኘቷ እንደ እንግሊዝ አልተጨነቀችም። ሁለቱ አገሮች ከአንድ ቀውስ የወሰዱት ትምህርትም ተለያየ። እንግሊዝ ከአሜሪካ ጋር ዳግመኛ ላለመጣላት ስትወስን፣ ፈረንሳይ የአሜሪካን ፈቃድ የማይጠብቅ ኃይል ለማፍራት ቆረጠች፤ ማርች 25 ቀን 1957 የተፈረመውን የሮም ውልም ከዚህ ስሜት ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

እንግዲህ በዲሞክራሲያዊ አገሮች መካከል የሚደረግ የኤኮኖሚ ግፊት ጦርነትን ሊያስቀር እንደሚችል ስዌዝ አሳይቷል። ግፊቱ የሠራው ግን በጠላትነት ሳይሆን በቅርበት ምክንያት ነው፤ ከሩቅ ሰው ይልቅ ወዳጅ የሚነፍገው ይበልጥ ያጎድላልና። ስለሆነም ማዕቀብ የሚጥል መንግሥት ከሚቆጥረው ዶላር ሌላ አንድ ሒሳብ አለበት፤ ይህን መሣሪያ የሚያጠነክረው መተማመን፣ መሣሪያው በሠራ ቁጥር የሚቀነስ መሆኑን።