የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችን ከእሳት አደጋ ማውጣት

በአረጋውያንና በሕሙማን መርጃ ተቋማት ለሚሠሩ ተንከባካቢዎች የሚሰጠው የእሳት አደጋ ሥልጠና ትኩረቱ ራሳቸውን ችለው መነሣት የማይችሉ ሰዎችን ከጭስ ማራቅ ላይ ነው። በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው ነበልባሉ ሳይደርስበት በጭስ ታፍኖ ነውና፣ የተኛ ሰው ለማምለጥ ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

በአገራችን በአዲስ አበባ እንዳለው መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዱ ማዕከላት ቢኖሩም፣ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት በጫኖ ቀበሌዎችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ከከተማ ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ ሥራው በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ስለሚወድቅ፣ ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለተቋም ሠራተኛ ብቻ አይደለም።

መዘጋጀት ሲጎድል የሚደርሰውን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2004 በስኮትላንድ ሮዝፓርክ በተባለ የአረጋውያን መጦሪያ የደረሰው ቃጠሎ ነው። እሳቱ ከንጋት በፊት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ካለበት ቁም ሳጥን ተነሣ፤ 14 አረጋውያንም ሞቱ። የማስጠንቀቂያው ደወል ቢጮኽም ሠራተኞቹ መጀመሪያ የእሳቱን ቦታ ሲፈልጉ ቆይተው ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የደወሉት ከዘጠኝ ደቂቃ ያህል በኋላ ነበር። ብዙዎቹ የመኝታ ክፍሎች በሮች ክፍት ስለነበሩ ጭሱ ያለ ከልካይ ገባ።

በሥልጠናው የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ የሚቀዳ ነው። ጭስ ያየ ሰው ሳያመነታ ይጮኻል፣ ይደውላል፤ በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው። ቀጥሎ እሳቱ ባለበት ክፍል ያለው ሰው ይወጣና በሩ ይዘጋል። የተዘጋ የእንጨት በር የጭሱን መስፋፋት ያዘገያል። ከዚያ መራመድ የሚችሉት መንገድ ይመራሉ፤ የቀሩት አንድ በአንድ ይወሰዳሉ። ባለ ብዙ ክፍል በሆነ ሕንፃ ሁሉንም በአንዴ ወደ ግቢ ማውጣት ካልተቻለ፣ በተዘጋ በር ወደተለየ ቀጣይ ክፍል ማሻገር ይቻላል።

መነሣት የማይችልን ሰው መሸከም ለአንድ ተንከባካቢ ይከብዳል። በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ላይ አስተኝቶ፣ በራስጌው በኩል ጨርቁን ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ በወለል ላይ መጎተት ግን አንዲት ቀጭን ሴት እንኳ ልትችለው ትችላለች። ወባ በሚበዛበት በጫኖ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አጎበር በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ እየቀለጠም በቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ኩራዝና ሻማ ከአጎበር መራቅ አለባቸው፤ ተንከባካቢውም አጎበሩን በጨለማ በአንድ እጅ ገልጦ መጣል ይለማመዳል። በደጋው በኩል ያለው የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ደግሞ ጣሪያው ከተቀጣጠለ ጊዜ አይሰጥም፤ አቅመ ደካማው ለበሩ ቅርብ ቢተኛ ይመረጣል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ መሞታቸው ይታወሳል። ጭስ ወደ ሞላበት ክፍል ተመልሶ መግባትም እንዲሁ ነው፤ የወጣው ተንከባካቢ ማን እንደቀረ ለአጥፊዎቹ ይናገራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው ሠራተኞቹን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል። ልምምዱ ግን በቀን ብቻ ከተደረገ ጎዶሎ ነው። ሠራተኛ የሚያንሰው፣ መብራት የሚጠፋው፣ በሩም በጓጉንቸር የሚቆለፈው በሌሊት ነውና፣ ቁልፉ ከማን ዘንድ እንደሚያድር ሁሉም ተረኛ ሊያውቅ ይገባል። የነዋሪዎቹ ስም ዝርዝርም ከበሩ አጠገብ ተሰቅሎ፣ በግቢው የመሰብሰቢያ ቦታ አንድ በአንድ ይጠራል።