እንዳይናገር የታዘዘው ፋርማሲስት

የአሜሪካ ፋርማሲ ማኅበር በ1952 ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ዛሬ ሲነበብ ግራ የሚያጋባ አንቀጽ አለው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋርማሲስቱ በማዘዣ የሚሰጠው መድኃኒት ከምን እንደተቀመመና ምን እንደሚሠራ ከታካሚው ጋር አይነጋገርም፤ ታካሚው ከጠየቀም ወደ ሐኪሙ ይመልሰዋል። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ በዚያው አገር የምትገኝ አንዲት ግዛት፣ ፋርማሲስቱ በስክሪን ሳያነጋግረው ታካሚው መድኃኒቱን ይዞ እንዳይወጣ ደነገገች። የፋርማሲ ተማሪ ታካሚን ከርቀት መርዳት እንዴት ወደ መማር እንደደረሰ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ከካሜራው ይልቅ በእነዚህ ሁለት ደንቦች መካከል የሆነውን ቢመረምር ይሻለዋል።

መድኃኒትን ከርቀት የማዳረስ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ መነሻ የሚደረገው አውስትራሊያ ነው። የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በ1942 ራቅ ወዳሉ የከብት እርባታ ጣቢያዎች የመድኃኒት ሣጥን ማከፋፈል ጀመረ። ሐሳቡ ሉሲ ጋርሊክ የተባለች ነርስ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሐኪሙ በሬዲዮ የበሽታውን ምልክት ሰምቶ ቁጥሩንና መጠኑን ይናገራል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ሕይወትም አትርፏል። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ፋርማሲስት የለም፤ ቁጥሩ ተክቶታል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ከርቀት ለሚሠራበት ቴሌፋርማሲ አያት ነው መባሉን እኔ በግማሽ ልብ ነው የምቀበለው።

ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው ጀርባ የወጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ፋርማሲስቶች ከሐኪምና ከነርስ ጋር በክፍሉ ውስጥ እንዲሠሩ ሙከራ ተጀመረ። ማኅበሩም በ1969 ደንቡን ሲያሻሽል የዝምታውን አንቀጽ አነሣው። በ1990 ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ የፋርማሲ ምሁራን ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን በማስረከብ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ ለታካሚው ባስገኘው ውጤትም ተጠያቂ ነው ብለው ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግሥት መድን ለሚታከሙ ሰዎች ፋርማሲስቱ ምክር እንዲሰጥ፣ ቢያንስ ልምከርዎ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ አስገደደ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1993 መጀመሪያ ነው። መናገር ግዴታ ሲሆን፣ አነጋገር የትምህርት ቤት ሥራ ሆነ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወደተጠቀሰችው ግዛት፣ ወደ ሰሜን ዳኮታ። ይህች ግዛት ከ1963 ጀምሮ የመድኃኒት ቤት አብላጫ ድርሻ በፋርማሲስት እጅ መሆን አለበት የሚል ሕግ አላት፤ በ2014 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦም ሕዝቡ ሕጉ አይሻርም አለ። ሕጉ ትልልቅ የሰንሰለት መደብሮችን ቢያርቅም ጣጣ አለው። በትንሽ ከተማ ያለው ባለቤት አርጅቶ ጡረታ ሲወጣ ተተኪ ፋርማሲስት ካልተገኘ በሩ ይዘጋል። ሲዘጋም ክረምቱ በሚበረታበት በዚያ ሜዳ ላይ ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ሩቅ ነው። የግዛቲቱ ፋርማሲ ቦርድ በ2001 ፋርማሲስቱ በአካል ሳይገኝ መድኃኒት ቤት እንዲሠራ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። በ2002 ቦርዱ፣ የግዛቲቱ የፋርማሲስቶች ማኅበርና ፋርጎ የሚገኘው የሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ኮሌጅ በፌዴራል ገንዘብ ፕሮጀክቱን ጀመሩ።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። በገጠሩ ቅርንጫፍ የተመዘገበ የፋርማሲ ቴክኒሻን ይሠራል። ማዘዣውን፣ መድኃኒቱ የተቀዳበትን ዋና ጠርሙስ፣ የተጻፈውን መለያና የተሞላውን ዕቃ በካሜራ ያሳያል። ፋርማሲስቱ በሌላ ከተማ ተቀምጦ አንድ በአንድ አይቶ ያጸድቃል። ከዚያ ታካሚው ሌላ ሰው ወደማይሰማበት ቦታ ገብቶ ፋርማሲስቱን በቪዲዮ ያነጋግራል። ይህ ምክር በተለመደው መድኃኒት ቤት "አልፈልግም" ብሎ ማለፍ የሚቻል ነበር፤ እዚህ ግን ግዴታ ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች በአካል አለመገኘትን በንግግር አስከፈሉት ማለት ይቻላል።

ዋጋው በቂ ነበር ወይ? በ2011 የታተመ ጥናት 14 የርቀት ቅርንጫፎችን ከ8 የተለመዱ መድኃኒት ቤቶች ጋር ለ45 ወራት አነጻጽሯል። በርቀት ከተስተናገዱት 47,078 ማዘዣዎች 631 ስሕተት ተመዝግቧል፤ 1.3 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በተለመዱት 0.8 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ጥናቱን ከሠሩት መካከል የፕሮጀክቱ ሰዎች መኖራቸውንና ቁጥሩ ለእነርሱ የማይመች ሆኖ ሳለ ማውጣታቸውን መዝግቦ ማለፍ ተገቢ ነው።

የፋርማሲ ኮሌጁ ከፕሮጀክቱ ባለቤቶች አንዱ መሆኑ ለተማሪዎቹ ዕድል ነበር፤ መሣሪያው ባሉበት ግቢ ነውና። በሌሎች ቦታዎች ግን በሩን የከፈተው ተራ ስልክ ነው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን የመድኃኒት ሽፋን በ2006 ሲጀምር መድን ሰጪዎቹ ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ አባላትን መድኃኒት እንዲያስገመግሙ ተገደዱ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ኮሌጅ በዚያው ዓመት ይህን በስልክ የሚሠራ ማዕከል ቱሳን ውስጥ አቋቋመ። በስልክ ፊት አይታይም። ተማሪው የታካሚውን ማመንታት ከድምፅ መለየት፣ "አዎ" የተባለው ስለገባው ይሁን ለመገላገል መጠርጠር ይማራል። ታካሚው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር መጠየቅም እዚህ ላይ ይጠቅማል።

በመጋቢት 2020 ጉዳዩ ከአማራጭነት ወጣ። ብዙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በኮቪድ ምክንያት ተማሪ አንቀበልም አሉ። የአሜሪካ ፋርማሲ ተማሪ ግን ለመመረቅ በመጨረሻው ዓመት ቢያንስ 1,440 ሰዓት ልምምድ ያስፈልገዋል። በዚያው ወር መንግሥት የርቀት ሕክምና ክፍያ ደንብን ሲያላላ፣ እንደ ዙምና ስካይፕ ባሉ መገናኛዎች ታካሚን ማነጋገርም ለጊዜው እንደማያስቀጣ አሳወቀ። ስለዚህ ተማሪው ከቤቱ፣ አስተማሪው ፋርማሲስት ከቤቱ፣ ታካሚውም ከቤቱ ሆነው ይገናኙ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር ተገኘ። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚታየው ዛሬ የተሰጠው ጠርሙስ ብቻ ነው። ቤቱ ያለ ታካሚ ግን "ያለዎትን ሁሉ ያሳዩኝ" ሲባል ከወጥ ቤት፣ ከአልጋው አጠገብ፣ ከቦርሳ እያወጣ ካሜራው ፊት ይደረድራል፤ ጊዜው ያለፈበት፣ ከጎረቤት የተዋሰው፣ ሐኪሙ አቁም ያለውም ይታያል። የአስም መንፊያውን እንዴት እንደሚስብ፣ ኢንሱሊኑን የት እንዳስቀመጠ ይታያል። በአንጻሩ ያበጠ እግር በጣት ተጭኖ አይታይም፤ የደም ግፊቱም ታካሚው ለክቶ የነገረው ነው።

ተማሪው ስለ መድኃኒት ከመጠየቁ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ስምዎና የትውልድ ቀንዎ? አጠገብዎ ሰው አለ? አሁን የት ነው ያሉት? የመጨረሻው ጥያቄ ታካሚው ቢዝለፈለፍ አምቡላንስ ለመላክ ይጠቅማል። ለሕግም ይጠቅማል፤ በአብዛኛው የሚጸናው ታካሚው የተቀመጠበት ግዛት የሙያ ፈቃድ ነውና። ፋርጎን ከሙርሄድ ከተማ የሚለያት ሬድ ሪቨር የተባለው ወንዝ ብቻ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ግን ሚኒሶታ ነው።