የኮረብታው ስምና የኮረብታው ወራሽ

በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን፥ ቫልቢ በሚባለው ከፍታ ላይ፥ ካርልስበርግ የሚሉት ሠፈር አለ። ትርጓሜውም «የካርል ኮረብታ» ማለት ነው። ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን የተባለው ጠማቂ በ1847 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የቢራ ፋብሪካውን በዚያ ሲያቋቁም፥ በአምስት ዓመት ልጁ በካርል ስም ሰየመው።

ጠላ የጠመቀች ባልቴት ሁሉ እንደምታውቀው፥ የመጠጥ ነገር ከጥንስሱ ይጀምራል። ያኮብሰንም በ1845 ከሙኒክ ከተማ መልካም እርሾ በጣሳ ይዞ በሠረገላ ሲመለስ፥ ሙቀት እንዳይገድለው በየማረፊያው ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስበት እንደ ነበር ይነገራል። በ1875 ደግሞ የምርምር ቤት አቋቋመ። በ1883 በዚያ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ ተነሥቶ ንጹሕ እርሾ የማራባትን ዘዴ አገኘ። ያኮብሰን ይህን ትልቅ ሀብት በምስጢር አልያዘውም፤ እርሾውን ለተወዳዳሪዎቹ ጭምር በነፃ አደለ።

ለባዕድ እንዲህ የዘረጋው እጅ ለልጁ ግን ታጠፈ። ካርል አድጎ በ1871 ከአባቱ አንዱን ጠመቃ ቤት ተከራይቶ ይሠራ ጀመር። አባት ቢራው በቀዝቃዛ ምድር ቤት ረጅም ጊዜ ሳይቆይ አይውጣ ባይ ነው፤ ልጅ ግን ቶሎ ቶሎ እየጠመቀ ገበያውን አሰፋ። ጠቡ በረታ። አባት በ1876 ለሳይንስ የሚያገለግል ድርጅት መሥርቶ ነበርና፥ ፋብሪካውን በኑዛዜ ለዚያ አወረሰ። ካርልም በ1882 እዚያው አጠገብ «አዲስ ካርልስበርግ» ብሎ የራሱን ከፈተ። በመካከላቸው ስለሚያልፈው መንገድ ስም እንኳ ሳይስማሙ፥ አንዱ «የኅብረት መንገድ»፥ ሌላው «የፓስተር መንገድ» ይለው ነበር። ኅብረት በሌለበት ቦታ ይህ ስም መታሰቡ ያስገርማል!

በእኔ አስተያየት አባትየው ስለ ቢራው እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ልጁን በስሙ ከተጠራው ኮረብታ መንቀሉ ግን ከበደ። በ1886 ታረቁ፤ በዓመቱ አባት ሮማ ላይ ሞተ።

ካርል በ1901 አራት የድንጋይ ዝሆኖች የተሸከሙትን በር አሠራ። በ1902 ደግሞ ፋብሪካውን ርስቱን ለወሰደበት ለዚያው የአባቱ ድርጅት ሰጠ፤ በ1906 ሁለቱ ፋብሪካዎች አንድ ሆኑ። ታላቁ ጠመቃ በ2008 ከሠፈሩ ወጥቶ፥ ቦታው የመኖሪያ ቤቶች ሠፈር ሆኗል። ዝሆኖቹ አሁንም በሩን ተሸክመው ይታያሉ፤ ያ ያጣላው መንገድም የፓስተር መንገድ ይባላል።