ለአንድ ቀን የመጣ መምህር፦ የተተኪ መምህራን የሥራ ላይ ደኅንነት መብትና ግዴታ በኦንታሪዮ



ስለ ሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ሲነሳ ወደ አእምሯችን ፈጥኖ የሚመጣው ፋብሪካ፣ የግንባታ ቦታ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ነው። የመማሪያ ክፍል እምብዛም አይታሰበንም። የቀረ መምህርን ተክቶ ለአንድ ቀን ወደዚያ ክፍል የሚገባው ሰው ደግሞ ጨርሶ ይዘነጋል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሰው ነው። ታሪኩን የምከተለው በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ነው። ኦንታሪዮን የመረጥሁበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የዚያ አገር ሕግ ሲወጣ መምህራንን በስም ጠቅሶ ከጥበቃው ውጭ አድርጎ፣ ኋላ ጥቂት በጥቂት ስላስገባቸው፣ የሐሳቡን ጉዞ በሰነድ ላይ መከተል ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት እጅግ በራቀ ስፍራ፣ በኤሊየት ሌክ የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የጸደይ ወራት ወደ 1000 የሚጠጉ ማዕድን ቆፋሪዎች በድንገት ሥራ አቆሙ። ያነሳሳቸው የደመወዝ ጥያቄ አልነበረም። የክፍለ ግዛቲቱ መንግሥት ባለሙያዎች በጀርመን፣ በቦን ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ በዩራኒየም ቆፋሪዎች ዘንድ ስለታየው የሳንባ ካንሰር ጥናት አቅርበው ነበር። ሠራተኞቹ ስለ ገዛ ሳንባቸው የሰሙት ባሕር ማዶ ከተነበበ ወረቀት ነው። «አደጋውን የማወቅ መብት» የሚለው ሐረግ ዛሬ ደረቅ የሕግ ቃል ይመስለናል፤ በኦንታሪዮ ጉልበት ያገኘው ግን ከዚህ ቁጭት ነው።

መንግሥት በዚያው ዓመት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ምሁር በነበሩት በጄምስ ሃም የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በ1976 የወጣው የኮሚሽኑ ሪፖርት፣ ደኅንነት ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ እንዳልሆነና አሠሪውም ሠራተኛውም በየድርሻቸው ኃላፊነት የሚሸከሙበት የውስጥ ሥርዓት እንደሚያስፈልግ አመለከተ። በዚህ መንፈስ የተቀረጸው የሥራ ላይ ጤንነትና ደኅንነት ሕግ ከጥቅምት 1 ቀን 1979 ጀምሮ ጸና። ሦስት መብቶችንም አጸና፦ አደጋን የማወቅ፣ በደኅንነት ጉዳይ የመሳተፍና አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት። ከመብቶቹ ጎን ለሠራተኛው ግዴታዎች ተጣሉበት፤ ጉድለትን ወይም አደጋን ለኃላፊው የማሳወቅ ግዴታ ከእነዚህ ዋናው ነው።

በዚሁ ሕግ ውስጥ አንባቢ ሳያስተውላት ሊያልፋት የሚችል አንዲት ድንጋጌ አለች። በመምህርነት የተቀጠረ ሰው፣ በደንብ ካልተፈቀደና በተፈቀደው ልክ ካልሆነ በቀር፣ ሕጉ አይመለከተውም ትላለች። ጥበቃው ወደ መምህራን የደረሰው በኋላ በወጣ ደንብ ነው፤ ደንቡ ዛሬ 857 የሚል ቁጥር ይዞ ይገኛል። ይህ ደንብ መምህሩ አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት መብቱን ሲሰጠው አንድ ገደብ አኖረ፤ የተማሪ ሕይወት፣ ጤና ወይም ደኅንነት በቅርብ አደጋ ላይ በሚወድቅበት ሁኔታ መምህሩ በመብቱ ሊጠቀም አይችልም። በእኔ ዳኝነት ገደቡ ተገቢ ነው። ቆፋሪው መሣሪያውን ጥሎ ቢወጣ የሚቀረው ድንጋይ ነው፤ መምህሩ ክፍሉን ጥሎ ቢወጣ የሚቀሩት ሕፃናት ናቸው። ሆኖም ገደቡ የተጻፈው ክፍሉን፣ ልጆቹንና መውጫ በሩን የሚያውቅ መምህር ታስቦ ነው። ተተኪው መምህር ከእነዚህ አንዱንም ላያውቅ ይችላል።

ሦስቱን መብቶች ለአንድ ቀን በመጣ ሰው ዓይን እንመርምራቸው።

ከማወቅ መብት እንጀምር። በ1988 በመላ ካናዳ ተግባራዊ የሆነው የአደገኛ ቁሶች መረጃ ሥርዓት በኬሚካል መያዣዎች ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ፣ ዝርዝር መረጃም ለሠራተኛው ቅርብ ሆኖ እንዲቀመጥ አዘዘ። ይህ ለተተኪ መምህር ትልቅ ውለታ ነበር፤ ያዘዙት ሰዎች እሱን አስበው ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። የኬሚስትሪ መምህሩ ታሞ ሲቀርና የታሪክ መምህር ቤተ ሙከራውን እንዲረከብ ሲጠራ፣ ምልክቱ ከጠርሙሱ ጋር እዚያው ይጠብቀዋል። የሚነግረው ሰው ባይኖር እንኳ ጠርሙሱ ራሱ ይነግረዋል።

በትምህርት ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ሁሉ ግን በጠርሙስ የሚቀመጥ አይደለም። አንድ ተማሪ በጭንቀት ጊዜ ወንበር የመወርወር ወይም የመማታት ጠባይ ይኖረው ይሆናል። ቋሚው መምህር ይህን ያውቃል፤ ምን እንደሚያስቆጣው፣ ምን እንደሚያበርደው፣ ማንን መጥራት እንደሚገባ ለይቶ ያውቃል። ይህ እውቀት የሚኖረው በቋሚው መምህር ራስ ውስጥ ነው፤ እሱ በታመመ ቀን አብሮት ቤት ይውላል። በሕፃን ልጅ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አይለጠፍም፤ ሊለጠፍም አይገባም።

የኦንታሪዮ ሕግ ይህን ጥያቄ በግልጽ የገጠመው ዘግይቶ ነው። ከሰኔ 15 ቀን 2010 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ የሥራ ቦታ ጥቃትንና ትንኮሳን የደኅንነት ሕጉ አካል አደረገ። ሠራተኛው በሥራው አጋጣሚ ሊገናኘው የሚችል፣ የጥቃት ታሪክ ያለው ሰው ሲኖርና ሠራተኛውን ለአካል ጉዳት የማጋለጥ ሥጋት ሲኖር፣ አሠሪው የግል መረጃም ቢሆን እንዲገልጽለት አስገደደ። ወዲያው አስከትሎ፣ ሠራተኛውን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በላይ አንዳች የግል መረጃ እንዳይገለጽ ከለከለ። ሁለቱን ድንጋጌዎች አጠገብ ለአጠገብ ስታነቡ በርዕሰ መምህሩ ትከሻ ላይ የወደቀው ሸክም ይታያችኋል። ጠዋት ደወሉ ከመደወሉ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ለደረሰ እንግዳ ምን ያህል ይንገረው? ብዙ ከነገረው የልጁን ክብር ይነካል፤ ዝም ካለ መምህሩንም ልጁንም ለአደጋ ያጋልጣል። ከሁለቱ ስሕተቶች የሚደጋገመው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ዝምታ ፊርማም ደቂቃም አይጠይቅምና።

የመሳተፍ መብት ለተተኪው ይበልጥ ይርቃል። ሕጉ በመደበኛነት 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ሥራ ቦታ የአሠሪና የሠራተኛ የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ የአባላቱም ስም በግልጽ ቦታ እንዲለጠፍ ያዛል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ትምህርት ቤት የሚውል ሰው የትኛው ኮሚቴ ይወክለዋል? «በመደበኛነት» የምትለዋ ቃል እሱን በበሩ ደፍ ላይ ታቆመዋለች። ይህ ደግሞ የአሠሪውም ኪሳራ ነው። ቋሚ ሠራተኛ የለመደውን ጉድለት እንግዳ ዓይን ፈጥኖ ያየዋል፤ ከውስጥ የማይቆለፍ በር፣ በዕቃ የተዘጋ የአደጋ መውጫ፣ የተሰነጠቀ የጣሪያ ሰሌዳ። በአሮጌ ሕንፃዎች ጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ተተኪው ያየውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጉድለቱ መጠገኑን ለማየት ግን በማግሥቱ እዚያ አይገኝም።

ሦስተኛው፣ እምቢ የማለት መብት፣ ከፍርሃት ጋር የተጋባ ነው። ሕጉ በመብቱ የተጠቀመን ሠራተኛ ማባረርን፣ መቅጣትንና ማስፈራራትን ይከለክላል፤ የበቀል አቤቱታ ሲቀርብም እንዳልተበቀለ የማስረዳት ሸክሙን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ይህ ለሠራተኛው እጅግ የሚያደላ ድንጋጌ ነው። ይሁን እንጂ ቋሚው መምህር ሲባረር ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ተተኪው የሚደርሰው የስልክ ዝምታ ነው። ያልተደወለ ስልክ ደግሞ ብዙ ምክንያት ሊሰጠው ይችላል። በ2012 የወጣ ደንብ የረጅም ጊዜ ምትክና የቋሚ ቅጥር በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ላይ እንዲመሠረት አድርጎ ነበር፤ በ2020 መገባደጃ ተሻረ። ተቺዎቹ የተሻለውን መምህር መምረጥ አስቸገረ ይሉ ነበር፤ ነቀፋቸውም መሠረት አልነበረውም አልልም። ነገር ግን የተሻረው ተተኪዎች በወረርሽኝ መካከል ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት በሚዘዋወሩበት ወቅት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቅጥር በኃላፊው ምርጫ ላይ ሲንጠለጠል፣ «ይህ ክፍል አደገኛ ነው» ብሎ ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት ይጨምራል።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ እዚህ የተቀመጣችሁ የሕግ ተማሪዎች ጉዳዩ እኛን ምን አገባን ማለታችሁ አይቀርምና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ ድርጅቱም በ2022 ይህን ስምምነት ከመሠረታውያን ስምምነቶች ተርታ አሰልፎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን፣ በአንቀጽ 93 የሠራተኛውን የደኅንነት ግዴታዎች ይዘረዝራል። በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር በዚህ አዋጅ ሥር ሲሆን፣ የመንግሥት መምህር ግን የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 10 በፈቃድ ወይም በሕመም የተለየን ሠራተኛ ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርን ይፈቅዳል። ስለዚህ ሕጋችን ተተኪውን ያውቀዋል። በአንቀጽ 32 ደግሞ ለደኅንነቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መቃረቡ ተነግሮት እርምጃ ያልወሰደን አሠሪ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ከኦንታሪዮው ጋር አስተያዩት፤ የእነሱ ሕግ ሠራተኛው ሥራውን ይዞ አደጋውን እንዲቃወም ሲፈቅድ፣ ይህኛው አንቀጽ የሚያሳየው የመውጫውን በር ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ለተቀጠረ ተተኪ መምህር፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይህ በር ምን ይጠቅመዋል? ከአንቀጽ 92 የአሠሪ ግዴታዎችስ የትኛው ገና በመጀመሪያው ጠዋት ሊደርስለት ይችላል? አዋጁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ፣ ውይይቱን ከዚህ እንጀምር።